በኬኒንግተን የጮኸው ዶሮ

መርዶ ይዞ አውቶብስ የተሳፈረ ሰው ያውቀዋል፤ ሻንጣው ቀላል ሆኖ ትከሻው ይከብዳል። በጥቅምት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከበርሚንግሃም ወደ ለንደን የተነሳሁት የወንድሜን የግርማን ሞት ለልጁ ለማህሌት ላረዳት ነበር። ግርማ አዲስ አበባ ላይ ካረፈ ሁለት ወር አልፎታል። ማህሌት ግን ለንደን ማስተርሷን እየተማረች ነበርና እናቷ "ጽሑፏን ሳታስረክብ ትንፍሽ እንዳትሉ፣ ልጄን እንዳታሳብዱብኝ" ብላ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስማለች። እኛም እንደ ልማዳችን እስክታስረክብ ደበቅን።

መደበቁ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ለቀብር ሄጄ ስመለስ የግርማን ስልክ ይዤ መጣሁ። ልጅቷ ስትደውል ዝም ከምንላት ብለን፣ በአባቷ ስም የምጽፍላት እኔ ሆንኩ። "ጉሮሮዬን ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፣ ሐኪም መናገር ከልክሎኛል" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ውሸት መንገዱን ራሱ ያውቃል። "በርትተሽ አጥኚ" እላታለሁ፤ "ሳትጸልዪ እንዳትተኚ" እላታለሁ። አንድ ቀን "አባዬ፣ ያለህበት ይበርዳል?" ብላ ጻፈች። የአዲስ አበባን ክረምት መስሎኝ "አይበርድም፣ ደህና ነው" ብዬ መለስኩላት።

አውቶብስ ውስጥ

ቲኬቱ አሥራ ሁለት ፓውንድ ነው፤ ባቡሩ የዚህን ሦስት እጥፍ ይጠይቃል። ከኮቨንትሪ ጀምሮ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ከመስታወቱ ውጭ የሚታየው የፊተኛው መኪና ቀይ መብራት ብቻ ነበር፤ እሱም አንዳንዴ ይጠፋል። ሻንጣዬ ሥር፣ ከሌሊት ልብሴ በታች፣ ጥቁር ሻል አጥፌ አስቀምጫለሁ። ቆሎ ከቦርሳዬ አውጥቼ አጠገቤ ለተቀመጡት እንግሊዛዊ ሽማግሌ ዘገንኩላቸው። አንድ ፍሬ ቀምሰው የቀረውን በመሐረብ ቋጠሩት።

ድንገት ቦርሳዬ ውስጥ ዶሮ ጮኸ። የግርማ ስልክ መልእክት ሲገባ እንደዚያ ነው የሚጮኸው፤ እውነተኛ አውራ ዶሮ ነው የሚመስለው። በሕይወት እያለ ጎረቤት ሲያማርር "ከተማ ውስጥ ዶሮ የሌለው ሰው መንጋቱን በምን ያውቃል?" ይል ነበር። ድምፁን ማጥፋት ወንድሜን ሁለተኛ መቅበር ስለመሰለኝ ትቼዋለሁ። ተሳፋሪው ሳቀ። መልእክቱ "አባዬ፣ አክስቴ ዛሬ ልትመጣ ነው" ይላል። እኔም አፍሬ ሳልጨርስ "ደስ ይበልሽ፣ እሺ በያት፣ ታዘዣት" ብዬ ጻፍኩ።

ኬንቲሽ ታውን

ከቪክቶሪያ ባቡር ቀይሬ ኬንቲሽ ታውን ስወጣ ማህሌት የጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች። አቅፋኝ ቶሎ አልለቀቀችኝም፤ ፊቷን ልብሴ ውስጥ ቀብራ ጠረኔን ትስብ ነበር። ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች።

"ምነው በጥቁር?" አልኳት።

"ለንደን ሁሉም ሰው ጥቁር ነው የሚለብሰው አክስቴ።"

ከአራት ልጆች ጋር በምትኖርበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ክፍሏ። የመስኮቱ ደፍ ላይ ጥቁር ሻማ፣ የወንዝ ድንጋዮች፣ የደረቁ ቅጠሎችና ጨው የሞላበት ጎድጓዳ ሳህን ተደርድረዋል። አንገቷ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ተንጠልጥሏል። ኤድመንተን የምትኖረው የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ሰናይት ይህን ኮከብ አይታ "ልጅቷ ጠንቋይ ሆናለች፣ ድረሽ" ብላኝ ነበር።

"ሰናይት ያለችው እውነት ነው?"

"ዊካ የሚባል እምነት ነው። ፕሊስ ጀጅ አታድርጊኝ። ደም የለም፣ ሰይጣን የለም። ጨረቃን እናከብራለን፣ ወቅት ሲቀየር እንሰበሰባለን። ብቻዬን ስሆን ሄልፕ አድርጎኛል።"

"አባትሽ በየቀኑ እየጻፈልሽ ብቻሽን ነሽ?" አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

ፊቴን ትክ ብላ አየችው። "አዎ፤ በየቀኑ ይጽፋል" አለች።

ማምሻውን ኬኒንግተን የማትቀርበት ፕሮግራም እንዳላት ነገረችኝ፤ እሷና ጓደኞቿ በዚህ ወቅት ሙታን ወደ ሕያዋን ይጠጋሉ ብለው ስለሚያምኑ ቦታ አዘጋጅተውላቸው በዝምታ ራት ይበላሉ። እኔ ደግሞ የራሴ ፕሮግራም ነበረኝ። መርዶ እንደ ወጉ ዶሮ ሲጮህ ነውና ሰናይት እሁድ ጎህ ሲቀድ ሁለት ሴቶች ይዛ ልትመጣ ተቀጣጥረናል። እስከዚያ ልጅቷን ከዓይኔ ላርቃት አልፈለግኩም።

"አብሬሽ እሄዳለሁ" አልኩ። "ግን ስሚኝ ልጄ፣ የሞተ ሰው አይናገርም። በሞተ ሰው ስም የሚናገር ነገር ካለ፣ ያ ሌላ ነው።"

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለችና ኮቷን አነሳች።

ኬኒንግተን

ከምድር ውስጥ ባቡሩ ስንወጣ ሊመሽ ነበር። ጉሙ የካውንስሉን የኪራይ ፎቆች ከወገባቸው ቆርጧቸው የላይኛዎቹ መስኮቶች ብቻቸውን በአየር ላይ በርተዋል። ሊፍቱ አይሠራም። አራተኛ ፎቅ ደርሰን ስናንኳኳ የከፈተችልን ክሎዊ የምትባል ነርስ ተማሪ ነበረች፤ የሰከረ ጎረምሳ፣ የፍየል ቀንድ ምናምን ስጠብቅ፣ ካልሲ ያደረገች ባለ ቀይ ጠጉር ልጅ "ካላስቸገረሽ ጫማሽን አውልቂ" አለችኝ። ውስጥ አምስት ልጆች አሉ። አንዱ ናቲ ኤድመንተን የተወለደ ያበሻ ልጅ ነው።

"እማዬ እዚህ መሆኔን አታውቅም" አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። "ቸርች ነው የምታስበው።"

"ምን ፈልገህ ነው እዚህ የምትመጣው?"

"አያቴ ሲሞት በስልክ ነው የሰማሁት። በማግስቱ ስኩል ሄድኩ። ቤት ውስጥ ማንም ስለሱ ቶክ አያደርግም። እዚህ ግን ወንበር አለው።"



መስታወቶቹ ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል። ክሎዊ በጠረጴዛው ዙሪያ ወለሉ ላይ ጨው በተነች። ክቡ ከተዘጋ እስኪከፈት ድረስ ማንም ቃል እንደማይተነፍስ፣ ራቱም ከጣፋጩ ተጀምሮ በዳቦ እንደሚያልቅ ናቲ አስረዳኝ። ለሙታን ሁሉ ነገር ወደ ኋላ ነው አለ። በሆዴ በኢየሱስ ስም እያልኩ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን እግሬ ሥር አደረግኩ። በግራዬ ጥቁር የለበሰ ባዶ ወንበር ነበር።

መብራቱ ጠፍቶ ሻማ ብቻ ቀረ። ዝምታውን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። እኛ ሐዘን ላይ ዝም አንልም፤ እንጮሃለን፣ ደረት እንመታለን። እዚህ ግን ማንኪያ ሳህን ሲነካ ይሰቀጥጣል። አንድ በአንድ እየተነሱ ለየሙታናቸው አቀረቡ። ክሎዊ የአያቷን መነጽር፣ ናቲ አንዲት የእንጨት መስቀል አስቀመጠ።

በመጨረሻ ማህሌት ተነሳች። በግራዬ ባለው ባዶ ወንበር ፊት አንድ ብርጭቆ ሻይ አኖረች። ብርጭቆውን በትንሽ የሻይ ሰሃን ከደነችው። ሰሃኑ ላይ ቁራሽ ዳቦ፣ ከጫፉ የተቆረሰ፣ አደረገች።

 በዓለም ላይ ሻዩን በሰሃን ከድኖ፣ ዳቦውን ከላይ አስቀምጦ፣ "ይሙቅ፣ አትንኩብኝ" የሚል ሰው አንድ ብቻ ነበር። ለሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ራሴን ልደልል ሞከርኩ። አልሆነም። ልናገርም አልችልም። ሁለት ወር ሙሉ የተለማመድኩት መርዶ አፌ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንዲት ነርስ ተማሪ የበተነችው ጨው አፌን ዘጋው።

ልጆቹ ለሙታናቸው በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከሳህን ሥር ይሸጉጣሉ። ማህሌት ወረቀት አልወሰደችም። ስልኳን አወጣች። ክሎዊ ቅንድቧን አነሳች። የማህሌት አውራ ጣት ለአፍታ ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ።

እግሬ ሥር ዶሮው ጮኸ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ በሻማ ብርሃን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አውራ ዶሮ ሲጮህ! ክሎዊ አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ናቲ ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። ድምፁ ከባዶው ወንበር ነበር የመጣ የሚመስለው፤ እኔ ራሴ እንኳ ዞሬ ወንበሩን ነው ያየሁት። ማህሌት ብቻ አልደነገጠችም። የምታየው ወንበሩን አልነበረም፤ እኔን ነበር።

ጎንበስ ብዬ ስልኩን አወጣሁ። "አባዬ፣ መጥተህ ከሆነ ድምፅ አሰማኝ" ይላል።

መዳፏን ዘረጋችልኝ። ስልኩን መዳፏ ላይ አኖርኩት። መርዶው ይኸው ነበር፤ አንድ ቃል አልወጣኝም። ዶሮ ጮኋል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ልጅቷም ተረድታለች።

መጀመሪያ የጮኽኩት እኔ ነኝ። "ወንድሜን!" ስል ጨዉም ክቡም ቀረ። ያኔ ማህሌት ጭኔ ላይ ወድቃ፣ ሁለት ወር ያመቀችውን አለቀሰችው። ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ጨነቃቸው። ናቲ ግን መጥቶ ወለሉ ላይ አጠገባችን ተቀመጠና፣ እናቱ ቤት የሰማውን አስታውሶ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" አለ።

ልንሄድ ስንል ብርጭቆውን ላነሳ ነካሁት። አንድ ሰዓት ያለፈው ሻይ ትኩስ ነበር። ሰሃኑ ይሆናል ያቆየው ብዬ ተውኩት።

መልስ በባቡር

ወደ ኬንቲሽ ታውን ስንመለስ ፉርጎው ጭር ብሎ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አልኳት።

"ከመጀመሪያው መልእክት። አባዬ 'ምን በላሽ?' ሳይለኝ አንድ ቀን አላደረም። የሚጽፍልኝ ሰውዬ ግን ጸልዪ፣ አጥኚ ነው የሚለው። አባዬ ጸልዪ ብሎኝ ያውቃል?"

አያውቅም። ጸልዪ ባይዋ እኔ ነኝ።

"ስልኩን የያዝሽው አንቺ መሆንሽን ግን አላወቅኩም ነበር፤ ጠርጥሬ እንጂ። ዛሬ ቼክ ላድርግ አልኩ።"

"ታዲያ ካወቅሽ ለምን መልስ ትጽፊልኝ ነበር?"

"ካቆምኩ የሚሞት መሰለኝ" አለች። "ይበርዳል ወይ ያልኩሽም የምሬን ነው። አይበርድም ስትዪኝ ተኛሁ። የዚያን ቀን ብቻ ነው የተኛሁት።"

እስክንወርድ ድረስ እጇን ይዤ ቆየሁ። ይቅርታ በይኝ አልኳት። "ቆይ፣ ገና ነው" አለች። እውነቷን ነው።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ሰናይትና ሁለቱ ሴቶች ደረጃውን በቀስታ ሲወጡ በሩን የከፈተችላቸው ማህሌት ራሷ ናት፤ የኔን ጥቁር ሻል ለብሳለች። "ግቡ፣ ተረድቻለሁ" አለቻቸው። ለቅሶው እንደ ወጉ ሆነ። ሰናይት የመስኮቱን ደፍ አይታ አማተበች ልል ምንም አልቀረኝ፤ ጴንጤ ባትሆን ታደርገው ነበር። ግን ጠባብ ክፍል ነውና ያመጣችውን ምስር ወጥ የምታስቀምጥበት ብታጣ፣ ሻማውን ገፋ አድርጋ ከድንጋዮቹ አጠገብ አኖረችው።

ቤቴ

ስልኩን ለማህሌት ትቼላት ሰኞ ከሰዓት በርሚንግሃም ገባሁ። መንገድ ላይ ብዙ አሰብኩ። የልጅቷን መንገድ አልወደድኩትም፤ ይህንንም ነግሬአታለሁ። ቢሆንም ሙት ጠሪ ፍለጋ ለንደን ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። እነዚያ ልጆች ለሙታናቸው ወንበር ሰጥተው ዝም ይላሉ። በሙት አፍ የተናገርኩ እኔ ነኝ፤ ያውም በፍቅር፣ ያውም ከጸሎት በኋላ።

ጨለም ሲል የቤቴን በር ከፍቼ መብራቱን ሳላበራ የራሴ ስልክ ብልጭ አለ። ብርሃኑ ላይ የተጻፈው ስም "ወንድሜ ግርማ" የሚል ነበር።

 ስልኩን ለማን እንደሰጠሁ አውቃለሁ፤ ጣቴ ግን አልታዘዝ አለኝ። እንደ ምንም ከፈትኩት።

"ደርሰሻል? ያለሽበት ይበርዳል? ምን በላሽ?"

ይህን ነው እንግዲህ ሁለት ወር ሙሉ ያደረግኩባት። ኮቴን ሳላወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መልስ ልጽፍ ጀመርኩና አጠፋሁት። ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። በመጨረሻ ከዚያ ቁጥር ውስጥ፣ በለቅሶ የጎረነነ የሰው ድምፅ፣ የሕያው ሰው ድምፅ፣ "አቤት አክስቴ" አለኝ።

"ምንም አልበላሁም ልጄ" አልኳት። "አንቺስ?"