ጣውላውን ያስነሳሁ ጊዜ

ሰው «እናቴን አላውቃትም» ቢለኝ እስቅበት ነበር። አሁን አልስቅም።

እናቴ ደሴ ብቻዋን ትኖራለች፤ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። አባታችን ከሞተ ወዲህ «ውረጂና አብረን እንኑር» ብዬ ያልለመንኳት ጊዜ የለም። መልሷ አንድ ነው፦ «ኮምቦልቻ ይሞቀኛል። ደግሞስ ቤቴ ምን ሆነ?» ቤቱ የሆነውማ ወለሉ ነው። በረገጡት ቁጥር ሲጥ ሲጥ የሚል፣ ምስማሩ ብቅ ብቅ ያለ አሮጌ ጣውላ። ባለፈው ክረምት አንዱ ምስማር ቀሚሷን ይዞ ጣላት። ክንዷ በለዘ እንጂ አልተሰበረም፤ እኔ ግን በቃኝ። ወይ ወለሉ ይቀየራል፣ ወይ እሷ ኮምቦልቻ ትወርዳለች አልኩ።

«ወለሉን ቀይሪው» አለች ወዲያው።

አንድ ሽማግሌ አናጢ አስመጣሁ። ጎንበስ ብለው ጣውላውን መታ መታ አደረጉና «ግማሹ ደህና ነው ልጄ። የተበላውን አውጥቼ በወፍራም ጣውላ ልተካልሽ» አሉኝ። እኔ ግን ከደሴ ፒያሳ የላሚኔት፣ የዚያን የተጨመቀ እንጨት ንጣፍ፣ ናሙና ይዤ መጥቻለሁ። ላሚኔት እርስ በርሱ ይቆላለፋል፣ ምስማር አይፈልግም፣ ከሥሩ ስፖንጅ ስለሚነጠፍለት የደሴን ብርድ ይከላከላል። «እርስዎ የለመዱት የድሮውን ነው» አልኳቸው። እንዲህ ነኝ፤ አንድ ነገር ከያዝኩ ሰው አልሰማም። እሳቸውም ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

ለወጉ ያህል እናቴንም ጠየቅኳት። አንድ የጣውላና አንድ የላሚኔት ቁራጭ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። በመዳፏ ዳበሰቻቸው። ከዚያ ተራ በተራ በጣቷ አንጓ እየመታች ጆሮዋን አስጠጋች። «ይሄ ይሻለኛል» ብላ ጣውላውን አነሳች።

«ኧረግ እማ! ገበያ ወጥተሽ ድስት የምትገዢ መሰለሽ?» ብዬ ሳቅኩባት።

እሷም ሳቀች። «እንግዲያው አንቺ ያልሽው ይሁን» አለች።

ላሚኔቱ በሁለት ቀን ተነጥፎ አለቀ። የማር ቀለም ነው አልኳት። «ማሻአላህ፣ ማር አይደል የሚመስለው!» አለች። እኔም ኮርቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሳልደውልላት መጣሁ። በሩ እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል። ጫማዬን ደጅ አውልቄ ገባሁ። እናቴ የአስር ሶላት እየሰገደች ነበር። የሚሰግድ ሰው አያናግሩትም፣ በፊቱም አያልፉም፤ በስተግራዋ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ስትጨርስ ፊቷን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዞረች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ። ፈገግ አልኩላት። እሷ ግን ፈገግ ሳትል ፊቷን መለሰች።

የተቆጣችኝ መሰለኝ። ምን አጠፋሁ እያልኩ ሳሰላስል ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ብቻዋን እንደሆነች ሰው።

«ያ ረቢ፣ የዓይኔን ብርሃን ስትወስደው አልሀምዱሊላህ ብያለሁ። ማንም አላወቀብኝም። ሁሉንም በእርምጃቸው ነበር የምለያቸው፤ ጣውላው ነበር የሚነግረኝ። አሁን ሰው መግባቱን የማውቀው አጠገቤ መጥቶ ሲያናግረኝ ነው፤ ልቤ ቀጥ ይላል። ልጄ ለኔው ብላ ነው ያደረገችው፣ አትያዝባት። ብቻ እንዳታውቅብኝ። ካወቀች ከቤቴ ታወጣኛለች።»

ደነገጥኩ ማለት አይበቃም። አጃኢብ! ስንት ዓመት ስመላለስ፣ ገና ከበር ስገባ በስሜ ስትጠራኝ፣ ሻይ ቀድታ ስታቀብለኝ፣ እናቴ እንደማታይ አላውቅም ነበር። እንዴት ሳታይ ትኖራለች? ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን የፈራችው እኔን መሆኑ ነው። መሞትን አይደለም፣ መውደቅን አይደለም፤ እኔን። በራሴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

መተንፈስ ፈራሁ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ደግሞ አንድ። ወለሉ ትንፍሽ አላለም። ደጅ ወጥቼ እንባዬን በሻሼ ጫፍ ጠራረግኩና ጉሮሮዬን ጠርጌ «እማ! አለሽ?» ብዬ ተጣራሁ።

«ግቢ ሆዴ!» አለች። ስገባ ፊቷ በርቶ ድምፄን ተከትሎ ዞረ። እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝና ጉንጬን ሳመችኝ።

«ምነው፣ ከሳሽብኝ ልጄ?»

በዚያ ሰሞን ቀሚሶቼ ሁሉ ጠበውኝ ነበር። «ሥራው ነው እማ» አልኳት።

ራሷን ወደኔ ዘንበል አደረገች። «አሁን ገና መድረስሽ ነው?»

«አሁን ገና ነው» አልኳት።

አመነችኝ።