አባዬ ብቻውን የበላው አጋዘን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሥራ ሲገባ በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ በረዶ የሆነ ሥጋ ይዞ መጣ። አብሮት የሚሠራ ሰው ወደ ሰሜን ሄዶ አጋዘን አድኖ ኖሮ ለሥራ ጓደኞቹ አከፋፍሏል። ልጄ ሥጋውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና፣ "እማ፣ ክትፎ ይሆናል? ሰርች አደረግኩት፣ ጮማ የሚባል የለውም፣ ሱፐር ሄልዚ ነው" አለኝ።

"የዱር ሥጋ ጥሬ አይበላም" አልኩት። "ትል ይኑረው፣ ሌላ በሽታ ይኑረው አይታወቅም። ውስጡ ድረስ ካልበሰለ እንዳትቀምሰው።"

"ሃው ዱ ዩ ኖው?" አለኝ ከት ብሎ እየሳቀ። እናቱ ከስልክና ከቴሌቪዥን ሌላ የምታውቀው ነገር ያለ አይመስለውማ! የአደን ኮርስ ወስጄ፣ ተፈትኜ ማለፌን፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ በበረዶ ጫካ ውስጥ ቢላዋ ይዤ መሮጤን ነግሬው አላውቅም። ያን ቀን የዋሸሁትን ውሸት ደግሞ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እስቲ ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። አባቴ፣ እናቴና እኔ ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አባዬ አገር ቤት ሳለ ሥራው በባሌ ተራራ ለውጭ አገር አዳኞች መንገድ መምራት ነበር። ዱካ አይቶ እንስሳው መቼ እንዳለፈ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ደንግጦ ይሁን ተረጋግቶ ይነግርሃል። ቶሮንቶ ከገባ በኋላ እንጀራው የምንኖርበትን ሕንፃ ኮሪደር መጥረግና የተቃጠለ አምፖል መቀየር ሆነ። አላማረረም። ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን በታች ወዳለው ሸለቆ ይወርድና ራኩን የሚሉትን ድመት የሚያህል አውሬ ዱካ ሲያጠና ውሎ፣ ተመልሶ ለእናቴ በዝርዝር ያወራላታል። እሷም "እሰይ! እራታችንን አገኘህልን በለኛ" እያለች ታሾፍበት ነበር።

ጣጣውን ያመጣው ዳግ ነው። ዳግ የሕንፃውን ማሞቂያ የሚጠግን፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ቅን የሆነ የዚህ አገር ሰው ነበር። ከከተማው በስተሰሜን ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና ርቆ ከአባቱ የወረሰው ጫካና አሮጌ የእንጨት ቤት ነበረው። አባዬ አዳኝ እንደነበር የሰማ ዕለት "ህዳር ላይ አብረን እንሄዳለን" አለው። አባዬ ያን ቀን ቤት ሲገባ ሃያ ዓመት የቀነሰ መሰለኝ።

እንዲህ በዋዛ የሚሆን ነገር ግን አልነበረም። በዚህ አገር ጠመንጃ አንግቶ ዘው ብሎ ጫካ መግባት የለም። ኮርስ አለው፣ ፈተና አለው፣ ፈቃድ አለው። አባዬ እንግሊዝኛውን የለቃቀመው ከአዳኞቹ ነው፤ ለመግባባት ያህል እንጂ ለፈተና አትበቃም። ስለዚህ ላስተረጉምለት አብሬው ተመዘገብኩ። ጠመንጃ መኪና ውስጥ ጥይቱ ወጥቶ፣ በማኅደሩ ተከቶ ነው የሚጓዘው። ሰደርያውም ኮፍያውም ብርቱካናማ ይሁን። ከእንስሳው ጀርባ ምን እንዳለ ሳታይ አትተኩስ። እኔ ዶሮ ስትታረድ ዓይኔን የምጨፍነው ልጅ በአንድ ጊዜ አለፍኩ። ጫካ ውስጥ ያረጀው አባዬ ወደቀ!

ከሳታቸው ጥያቄዎች አንዱን መቼም አልረሳውም። አጋዘን መትተህ ቢሮጥብህ ምን ታደርጋለህ ይላል። መልሱ፣ ባለህበት ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቅ ነው፤ ካልተከተልከው ቅርብ ሄዶ ይተኛል፣ እዚያው ይሞታል። አባዬ የመለሰው "ሮጬ ደርሼ አርደዋለሁ" ብሎ ነው።

"ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ?" አለኝ ወደ ቤት ስንመለስ፣ እየተንጨረጨረ። "ከዚያ በኋላ ማን ሊበላው ነው? በክቱን ለጅብ ልሰጠው ነው?"

የሚለው ይገባኛል፤ የእኛ ሰው ሁሉ ይገባዋል። እንስሳው ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ፣ በስመ አብ ብለህ ባርከህ ካላረድከው በክት ነው፤ በጥይት ሞተ፣ በመኪና ሞተ ልዩነት የለውም። አባዬ ዘመኑን ሁሉ እንስሳ ሲመታ ሮጦ እየደረሰ ያረደ ሰው ነው። በሁለተኛው ፈተና "እጠብቃለሁ" ብሎ መልሶ አለፈ። ለወረቀቱ ነው እንጂ ልቡስ አልጠበቀም።

በጥቅምት አጋማሽ አሳንሰሩ ተበላሽቶ አሥራ አራቱን ፎቅ በእግሩ ወጣና ደረቱን ያዘው። ሐኪም ቤት የሄድነው እሱና እኔ ብቻ ነን፤ ያስተረጎምኩትም እኔ ነኝ። ሐኪሙ የልቡ ደም ሥር መጥበቡን ነገረን። በብርድ እንዳይሮጥ፣ ከባድ ነገር እንዳይጎትት፣ ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ኪኒን ከኪሱ እንዳይለይ አስጠነቀቀው። ስንወጣ አባዬ እጄን ያዘና "ለእናትሽ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ካወቀች አታስኬደኝም" አለ። እኔም ዝም አልኩ። አዝኜለት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ያን ጫካ እኔም ከእሱ ጋር ማየት እፈልግ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ደረስን። ቅጠሉ ረግፎ፣ መሬቱ ረጥቦ፣ አየሩ የእንጨት ጭስ ይሸታል። ጾም ስለነበር እናቴ በሶ ቋጥራልን ነበር። ዳግ ቀመሰና "ካርቶን ካርቶን ይላል" አለ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ አስደገመ። አባዬ ጠመንጃውን እየወለወለ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ሲያንጎራጉር መስማቴ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጠዋት ስስ በረዶ ጥሎ ጠበቀን። አባዬ ሰደርያውን ለበሰ፣ ኮፍያውን አጠለቀ፣ ከዚያ ነጭ ጋቢውን አውጥቶ ከላይ ደረበ። ዳግ እንዳየው ቡናውን ደፍቶ ሮጠ። "አውልቅ! አውልቅ! የአጋዘኑ ጅራት ነጭ ነው! አንዱ ከሩቅ አይቶ ይተኩስብሃል!" አባዬ ጋቢውን አጣጥፎ ሰደርያው ሥር ከተተውና እንደ ነፍሰ ጡር ተነፋፍቶ ወጣ። እስኪያመኝ ሳቅኩ።

አንድ ሰዓት ያህል የወደቀ ግንድ ተደግፈን ሳንናገር ተቀመጥን። እንዲያ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አይቼ አላውቅም። ድንገት ክርኔን ነካ አደረገኝ። ባለ ቀንድ ወንድ አጋዘን ከዝግባዎቹ መሃል ወጥቶ ቆሟል። አባዬ ተኮሰ። አጋዘኑ ዘለለ፣ ነጭ ጅራቱን አንዴ አየሁት፣ ጫካው ውስጥ ገባ።

ከወዲያ በኩል ዳግ መዳፉን ከፍቶ ቆይ፣ ቆይ ይላል። አባዬ ጥይቱን አውጥቶ ጠመንጃውን በጥንቃቄ ግንዱ ላይ አስደገፈ፤ እስከዚህ ድረስ ደንቡን አክብሯል። ከዚያ ቢላዋውን መዘዘና ሮጠ።

"አባዬ! አባዬ ተው! ሐኪሙ!" እያልኩ ተከተልኩት። መቶ እርምጃ ሳይሄድ የወደቀ ዛፍ ጋ ቆመ፣ በጉልበቱ ተንበረከከ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ኪሱን በርብሬ ኪኒኑን ከምላሱ ሥር አደረግኩለት። እሱ ደረቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ቢላዋውን ሰጠኝ።

"ሂጂ ድረሺበት!"

"የትም አልሄድም! ደግሞስ ሴት ታርዳለች እንዴ?"

"እኔ አባትሽ እያዘዝኩሽ! በስመ አብ ብለሽ ባርኪው። ነፍሱ ሳትወጣ!" አለና ሊነሳ ሞከረ። ተጫንኩት። እንደገና ሊነሳ ሞከረ። ካልሄድኩለት እንደማይቀመጥ ገባኝ። ዳግ እያለከለከ ሲደርስ "ያዘው፣ እንዳይነሳ!" ብዬው ቢላዋውን ይዤ ሮጥኩ።

አጋዘኑ ዝግባ ሥር በጎኑ ተኝቶ ነበር። ኮርሱ ላይ እንደተማርነው በቀጭን እንጨት ዓይኑን ነካሁት። አልጨፈነም። ሞቷል። "ሞቶ አገኘሁት" ብዬ ብመለስ አባዬ በንዴትም በሐዘንም ልቡ ቀጥ ይላል ብዬ ፈራሁ። ተንበረከክሁ፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ፣ አንገቱን ቆረጥኩት። ቢላዋውን በበረዶ ጠርጌ ተመለስኩ።

"ደረስሽበት?"

"ደረስኩበት።"

"ነፍስ ነበረው?"

"ነበረው። ተንፈራግጧል።"

ዓይኑን ጨፍኖ "ተመስገን" አለ። ትንፋሹ እየረጋ፣ የፊቱ መልክ እየተመለሰ መጣ።

መኪናው የቆመው ከአጋዘኑ ወዲያ ነበር። ደግፈነው ቀስ እያልን ስንሄድ አጠገቡ ደረስን፤ አባዬ አቆመን። የአጋዘኑን አንገት አየ። አንገቱ ሥር ያለውን በረዶ አየ። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ከዚያ ከባድ እጁን ራሴ ላይ አደረገና "እሰይ የኔ ልጅ። እጅሽ ይባረክ" አለኝ።

ዳግ ቶሎ ቶሎ ብሎ መለያ ወረቀቱን ቀንዱ ላይ አሰረ፣ ሆድ ዕቃውን አወጣ፣ ሙቀቱ እንዲወጣለት ጎድኑን በዱላ ከፍቶ ተወው። ከዚያ አባዬን አቅራቢያው ያለች ትንሽ ከተማ ሐኪም ቤት አደረስነው። እስከ ማታ ይዘው፣ ተቆጥተው ለቀቁት። ቤት ስንገባ ለእናቴ የልቡን ነገር አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩላት። ሳምንት ሙሉ ሁለታችንንም ስትጮህብን ከረመች፤ አደኑም በዚያው አበቃ። የአጋዘኑን ነገር ግን ዋጥኩት።

ከቀናት በኋላ ዳግ ሥጋውን በየአካሉ አስቆርጦ፣ አሳሽጎ አመጣልን። አባዬ ሁለት እሽግ ብቻ አስቀርቶ የቀረውን በሙሉ ለዳግ መለሰለት። ገረመን፤ እሱ እኮ ቲማቲም እንኳ ሲገዛ ለፎቁ ሰው ሁሉ የሚያዳርስ ነው። እናቴ ለእንግዳ ጥብስ ልሥራበት ብትለው "ለግፊትሽ አይሆንም" አላት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ራሱ ወጥ ቤት ገባ፣ ጥቁር እስኪል ጠበሰው፣ ብቻውን ተቀምጦ በላ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንዴ ቀና ብሎ "ጣፍጧል። እጅሽ ይባረክ" አለኝና ቀጠለ። ከልጅነቴ ጀምሮ እኔን ሳያጎርስ በልቶ የማያውቅ አባቴ አንዲት ጉርሻ አላቀመሰኝም። እንዴት እንደከፋኝ! ሴት ሆኜ በማረዴ ተጸየፈኝ ብዬ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። የነቢያት ጾም ሳይገባ ሰባት ቀን ቀድሞ ጾም ጀመረ። እናቴ "ከሞት የተረፈበት ስለት ነው" አለች፤ እኔም አመንኩ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረልን። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይቺ ልጄ እኮ ሮጣ ደርሳ ያረደች ናት" እያለ ያወራ ነበር፤ እኔ ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ።

ባረፈ በዓመቱ ለፋሲካ በግ ልናሳርድ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ እርሻ ሄድን። አንዱ በግ መኪና ላይ ተጨናንቆ ሞቶ ኖሮ፣ ያመጣው ሰውዬ እንዳይከስር ብሎ ቢላዋ አሳረፈበት። አሥር እርምጃ ርቀው የቆሙ ሽማግሌ "ተው ልጄ፣ ያ በክት ነው" አሉት። "በምን አወቁ?" ቢላቸው፣ "ደም የታለ? ከሞተ አይደማ! ይህንንማ ልጅም ያውቀዋል" አሉት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያ ከአጋዘኑ አንገት ሥር የነበረው በረዶ ነጭ ነበር። አንዲት ጠብታ አልነበረበትም። በዱካ የእንስሳ ልብ የሚያነብ ሰው ያን አላየም?

አይቷል። እዚያው ቆሞ አይቷል። ሁሉንም ለዳግ ቢሰጠው መዋሸቴን እንዳወቀ እነቃበታለሁ ብሎ ፊቴ ተቀምጦ በላው። እናቴንና ጎረቤቱን አላስነካም፤ እኔንም አላቀመሰኝም። ኃጢአቱን ብቻውን ወሰደው፣ ብቻውን ጾመለት።

አሁን ዕድሜዬ ያኔ እሱ ከነበረበት አልፏል። ሰው የሞተ አባቱን ሲያስብ ድምፁ ይናፍቀዋል፣ ሳቁ ይናፍቀዋል። እኔን የምትናፍቀኝ ያቺ እሑድ ናት። በሩ ላይ መቆሜን ትቼ፣ ወንበር ስቤ አጠገቡ ብቀመጥና "አባዬ፣ አልደረስኩበትም" ብለው። የሚመልስልኝን አውቀዋለሁ። ቀና ሳይል፣ እያላመጠ፣ "አውቃለሁ፤ ዝም በይ" ይለኛል። ለምኜውም ቢሆን አያጎርሰኝም ነበር።