ጨው የረሳች ጨው ሻጭ

ኡሙሰልማን የሆጤ ሰው የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በጨው ንግዷና በአፏ። ደሴ ሰኞ ገበያ ጨው ዘርግታ ስትቀመጥ ተከራክሮ ያሸነፋት የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ሸረፈዲንን ያሳደገችው በዚያው ጨው ነው። ልጁ አሥራ ስምንት ሲሞላው ግን መከራዋ መጣ፤ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና መመዝገብ ጀመረ።

ልጄን ለጦርነት አልሰጥም አለች። ለማን አለች? ለራሷ ነዋ! በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ የተናገረ የት ሊያድር? አጎቱ አብዱልወሀብ ጅዳ ስለነበር እሱ ዘንድ ልትሰደው ቆረጠች፤ አገር እስኪረጋ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል። ለዚህ ስትል ሥጋ ትታ፣ ሻሽ ሳትቀይር፣ ከጨው ትርፍ ሳንቲም በሳንቲም ቋጠረች። የመጨረሻ አምባሯንም ሸጠች። ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ ወደብ የሚወርድ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ሐሙስ ጠዋት ሊወስደው ተስማማ፤ ከዚያ ባሕሩን በጀልባ ይሻገራል። ገንዘቡ ከሌለ ግን መንገዱም የለም።

ጓዙ ብዙ አልነበረም፤ አንድ ሽርጥ፣ አንድ ሸሚዝና ስንቅ ብቻ። ብሩ የት ይደበቅ? ኬላ ላይ ኪስ ይበረበራል፣ ጫማ ይወልቃል፤ በሶ ግን ማንም አይዘረግፍም። ስለዚህ ብሩን በላስቲክ ጠቅልላ በበሶው ከረጢት ሆድ ውስጥ ቀበረችው። ብልሃቷ ደግ ነበር። አንድ ነገር ግን ዘነጋች፤ ገብስ ሲቆላ ይሸታል። ሆጤ ደግሞ ቤቱ እርስ በርሱ የተደጋገፈ ሰፈር ነው። ገብስ ተቆላ ማለት መንገደኛ አለ ማለት እንደሆነ የማያውቅ ጎረቤት የለም።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ የኔነሽ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። አንድ ልጇ ፈንታሁን ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከዘመተ ወዲህ ስትስቅ ያያት የለም፤ ወሬው ከጠፋም ከርሟል።

«ገብስ ሸቶኝ መጣሁ» አለች። «ስንቁ ለማን ነው?»

ሸረፈዲን ጓዳ ውስጥ ሆኖ ይሰማል። የኡሙሰልማ ምላስ እንደ ልማዱ ከልቧ ቀደመ።

«ለዘማቹ ነዋ! ማኅበሩ ስንቅ አዋጡ ሲል አልነበረም?»

«እንግዲያማ ዛሬ ነው የሚጫነው» አለችና የኔነሽ ከረጢቱን አንስታ ወጣች።

ኡሙሰልማ እንደ ቆመች ቀረች። አትውሰጂ ብትል ለምን ልትባል ነው። ዝም ብትል ደግሞ የልጇ መንገድ በከረጢት ታስሮ እየሄደ ነው።

«እማ፣ ብሩስ?» አለ ሸረፈዲን ከጓዳ።

«ዝም በል! ከዚያ ንቅንቅ እንዳትል!» ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጠች።

ቀበሌው ግቢ ስትደርስ ሴቶቹ ያመጡትን በሶ ባንድ ትልቅ ማዳበሪያ ይገለብጣሉ። አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠብመንጃውን አንግቶ አጠገባቸው ቆሟል። የእሷ ከረጢት ተራው ደርሶ አንዷ አፉን ልትፈታ ጎንበስ ብላለች።

«ቆይ! እሱን አትገልብጭው! ጨው ረስቻለሁ ወላሂ!» አለች፤ በውሸት መማሏ እንኳ ትዝ አላላትም።

ግቢው በሳቅ ሞላ። ጎረቤቷ አልጣሽ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ጨው ሻጯ ጨው ረሳች! ‹ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ› ሲባል አልሰማሽም?»

የጥበቃው ሰው ግን አልሳቀም። «ለዚህ ነው እንዲህ የምትሮጪው? እዚሁ ይጨመርበታ» ብሎ እጁን ወደ ከረጢቱ ዘረጋ።

የኔነሽ ቀደመችው። የከረጢቱን አፍ ፈትታ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች። መሀል ላይ ስትደርስ ክንዷ ቆመ። ዓይኗን አንስታ ኡሙሰልማን አየቻት። ኡሙሰልማ በሆዷ «ያ ረቢ» አለች። የእኔ ልጅ ሲዘምት ያንቺ የሚቀረው በምን ዕዳዬ ነው ብትል ምን ይመለስላታል?

የኔነሽ እጇን አወጣች። ጣቷ ላይ የቀረውን በሶ ቀመሰችና አላመጠች። ኡሙሰልማ ጨውን ራሷ በእጇ መጥና የጨመረችበት በሶ ነው፤ ልኩን የያዘ።

«እውነትም አልጫ ነው» አለች የኔነሽ። «ደግሞ አልላመም። ለልጆቻችን እንዲህ ያለ አይላክም። ውሰጂና አስተካክለሽ ለቀጣዩ ጭነት ነገ አምጪ።»

«ጓዲት፣ እዚሁ…» ሲል ጀመረ ጠባቂው።

«አንተ ደግሞ በሶ ማሰናዳት የጀመርከው መቼ ነው?» አለችው፤ ሴቶቹ እንደገና ሳቁ፤ እሱም አፍሮ ዞር አለ።

የኔነሽ ከረጢቱን ስትሰጣት ቶሎ አልለቀቀችውም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ምነው ያኔ እኔም ጨው በረሳሁ» አለቻት።

ሸረፈዲን ሐሙስ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወጣ። ኡሙሰልማም በዚያው ቀን ሌላ በሶ ለቀበሌው አስረከበች። ሁለቱ ሴቶች ስለዚያ ነገር ዳግም አላነሱም። ወራት አልፈው ከሐጅ የተመለሰ አንድ ሰው የአብዱልወሀብን ሰላምታ ልጁ ደረሰ ከሚል ወሬ ጋር ሲያመጣ ግን ኡሙሰልማ አንድ እፍኝ ጨው ቋጥራ የኔነሽ ቤት ሄደች።

«ጨው ገባበት» አለቻት።

«ተመስገን!» ብላ የኔነሽ አቀፈቻት። ከዚያ እቅፏን ሳትፈታ አለቀሰች፤ ኡሙሰልማም አብራት አለቀሰች።

«የፈንታሁንንም አላህ ያሰማሽ።»

የኔነሽ ጨውን ተቀበለች። «ያስቀመጥኩለትን በሶ ነቀዝ በላው» አለች። «ሌላ አዘጋጅለታለሁ። ሲመጣ ይርበዋል።»

በማግስቱ ከየኔነሽ ቤት ገብስ ሲቆላ ሸተተ። ስንቁ ለማን ነው ብሎ የጠየቀ ጎረቤት አልነበረም።