ዓሣ ያልተበላበት ቤት

በያጁ የሚሠራበት ጓሮ የእሱ አልነበረም፤ የአማቱ ነበር። ተቀጥሮ ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ለመንገድ ሥራ ሲፈርስ አንድ ሰሞን ቤት ተቀምጦ ጣራ ጣራውን ሲያይ ከረመ። አማቱ አላስቻላቸውም።

«አንተ፣ ጓሮው እኮ ሣር ከማብቀል ሌላ ሥራ የለውም» አሉት። «ቆርቆሮ ጣልበትና ሥራ። ወንድ ቤት ሲውል በርበሬ የሌለበት ወጥ እንኳ ያስነጥሰዋል።»

ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱ ሰፍቷቸው ልጃቸውን ከነባሏና ከነልጆቿ ያስገቡትም እሳቸው ነበሩ። እንግዲህ ሰውዬው የሚተኛውም፣ የሚሠራውም፣ ምሳውን ተቀምጦ የሚበላውም በእኚህ ሴት ፈቃድ ነው።

ቆርቆሮውን በሦስት ጎን አቆመ፣ አንዱን ጎን ለበር ተወው። የቀረው መብራት ማስገባት ነው። አብሮ አደጉ የሆነው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ቶሎ ስለሚቆጣ ሰፈሩ ሁሉ «ፊውዝ» የሚለው፣ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየለት።

«ስማኝ። ለብየዳ ማሽን ከቆጣሪው የራሱ መስመር ይወጣለታል። የራሱ ብሬከር፣ ወፍራም ገመድ፣ ደህና ተደርጎ የተቀበረ ግራውንድ። እዚያ ጥግ ላይ ደግሞ ጭሱን ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቬንትሌተር። ይሄ ሳይሆን ማሽኑን እንዳትነካው።»

«በሩ ክፍት አይደል? ጭሱን ንፋስ ይወስደዋል።»

«ንፋስ ቀጥረሃል? ስትጠራው አቤት የሚልህ?»

ተሳሳቁ። ፊውዝ ገመዱን ይዞ በሚቀጥለው ሳምንት ሊመጣ ተቀጣጠሩ። በያጁ ግን የአንድ ትምህርት ቤት የብረት በር ተቀብሎ ነበርና ሳምንቱን መጠበቅ አቃተው። ዕቃ ቤት ውስጥ ቤቱ ሲሠራ የተረፈ ገመድ አገኘ። ቀጭን ነው፤ አጭርም ነው። ቀጠለው። መቀጠያውን በናስትሮ ጠቀለለና በትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ከትቶ ግድግዳው ላይ በምስማር መታው። ቆጣሪው በአማቱ ክፍል በኩል ስለነበር ሳጥኑ ያረፈው እዚያው፣ ከትልቁ ቁም ሳጥናቸው ጀርባ፣ ከራስጌያቸው ጎን ነው። ማሽኑን ሲያስነሳው ተነሣ። ሌላ ምን ይፈለጋል?

ፊውዝ በቀጠሮው ሲመጣ «ጨርሻለሁ» አለው።

«ማን ሠራልህ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ በእሳት ስጫወት የኖርኩ ሰው ገመድ መቀጠል ያቅተኛል?»

ፊውዝ እንደ ስሙ ተቃጠለና ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ተመልሶ ሄደ።

በያጁ ለማንም ያልተናገረው ሌላ ነገር ነበረው። አይሸተውም። በአንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም፤ ቀስ በቀስ ነው የጠፋበት። መጀመሪያ የሚስቱ ሳሙና ሄደ፣ ከዚያ ሽንኩርቱ፣ ከዚያ እጁ ላይ ያለው ቤንዚን። ቤንዚኑ ሲጠፋበት ነው ቁርጡን ያወቀው። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ በያጅም የጀመራቸው ከአፍንጫ ነበር፤ ከአፍንጫ ወደ ሳል፣ ከሳል ወደ መስኮት ዳር ወንበር። ሚስቱ የእኚህን ሰው መጨረሻ በዓይኗ አይታለች። «አፍንጫህ የሄደ ቀን ብየዳ አበቃ» ብላዋለች፤ እሷ ደግሞ ያለችውን የምትረሳ ሴት አይደለችም።

ስለዚህ ማታ ማታ ወደ ቤት ሲገባ አፉ ይቀድመዋል። «አቤት ሽታው! ከበር ነው የጠራኝ!» ይላል። አንድ ቀን ምድጃ ላይ ተጥዶ የነበረው የልጆቹ ገላ መታጠቢያ ውሃ ኖሯል። ሚስቱ ተንከትክታ ሳቀች። «ውሃም በአንቺ እጅ ሲሞቅ ይሸታል» ብሎ አመለጠ።

የትምህርት ቤቱን በር እየበየደ ሳለ አማቱ ወደ ጓሮ ወጡ።

«ዓሣ ማን አመጣ?»

ጭምብሉን ወደ ላይ ገለጠ። «የምን ዓሣ እማማ?»

«ክፍሌ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ያውም የከረመ ዓሣ።»

ሟቹ ባላቸው ዓሣ አይወዱም ነበርና እዚያ ቤት ዓሣ ገብቶ አያውቅም። በያጁ ተከትሏቸው ገባ። ክፍሉ መሃል ቆሞ ሰው ሲያደርግ እንዳየው አየሩን በአፍንጫው ጮክ አድርጎ ሳበ።

«ምንም የለም እማማ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ማታ ሚስቱ ከሥራ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ማሽኑ ጠፍቷል፣ ግድግዳው ቀዝቅዟል፣ ክፍሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። በማግሥቱ እሱ ብየዳውን ሲጀምር ዓሣው ተመለሰ። አማቱ የሞተ አይጥ ይሆናል ብለው አልጋ ሥር በባትሪ ፈተሹ። መጋረጃ አጠቡ፣ ፍራሽ ፀሐይ ላይ አወጡ። የአማቱን ነገር የሚመሰክር ቀን ቤት የሚውል ሰው ነው፤ ቀን ቤት የሚውለው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

«አንተ እዚህ ነህ» አለችው ሚስቱ አንድ ማታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እውነት ይሸታል?»

«እኔ አልሸተተኝም።»

አልዋሸም። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነገረው። አልሸተተኝም አለ፣ አልሸተተውም፤ የቱ ላይ ነው ውሸቱ? ግን የዚያን ዕለት ልጆቹ «አያቴ፣ ዛሬስ ዓሣው ዋኘ ወይ?» እያሉ ሲስቁ ቀና ብሎ አማቱን ማየት አቃተው።

ጎረቤቷም በአጥር በኩል የበኩሏን አዋጣች። «የባሌም እናት እንዲሁ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ጭስ ይሸተኛል አለች፤ ቆይታ እኔን ማን ነሽ አለችኝ።» ሚስቱ ደነገጠች። እናቷን ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ወጣቱ ሐኪም «ዛሬ ምን ቀን ነው እናቴ?» ቢላቸው «ለአንተ ረቡዕ፣ ለእኔ የባከነ ቀን» አሉት። ሚስቱ ይህን ለባሏ ስትነግረው መሃል ላይ ሳቀች፣ መጨረሻው ላይ አለቀሰች። ሐኪሙ የሚያስተኛ ክኒን ሰጥቷቸዋል፤ ብቻቸውን ምድጃ እንዳይነኩም አዟል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋዙ መክፈቻ ከሚስቱ ቦርሳ ውስጥ ዋለ። ወንዱ ልጃቸው፣ ሌላ ከተማ የሚኖረው፣ በስልክ ሰማና «የእኔዋ ሚስት ቀን ቤት ነው የምትውለው፤ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለ። ጉዞው ተቆረጠ።

አማቱ አልተከራከሩም። «ሽማግሌው ባሌ የተቀበረው እዚህ ነው» ብቻ አሉ፤ ለማንም ያሉት አይመስልም።

በያጁ ነገሩ ስንት ጊዜ ከንፈሩ ድረስ እየመጣ ተመለሰበት። እውነቱን ቢናገር የሚጠፋው ማን ነው? ብየዳው ነው፤ እሱ ነው። ዝም ቢል የሚጠፉት እሳቸው ናቸው። ይህን ያህል ግልጽ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሱ ግን ከውስጥ ሲነቅዝ ይሰማው ነበር።

ልጃቸው ሊመጣ ሲል ሚስቱ «እማዬ ያለ ቁም ሳጥኗ አትሄድም፤ ፈታትተህ አዘጋጅልኝ» አለችው። በማግሥቱ ጠዋት ሲበይድ ቆይቶ ገባ። አማቱ ክኒናቸው ተጭኗቸው በረንዳው ላይ እያንጎላጁ ነው። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳበው።

የፕላስቲኩ ሳጥን እንደ ሻማ ቀልጦ ወርዷል። ቀለሙ ዙሪያውን ጠቁሯል፣ የቁም ሳጥኑ ጀርባ መዳፍ በሚያህል ስፋት ከስሏል። እጁን ሲያስጠጋ አቃጠለው። ከዚያ የአማቱን ትራስ አየ። ትራሱ ቅርብ ነበር።

ሩጦ መስመሩን ከቆጣሪው አጠፋ። ከዚያ ፊውዝን ለመነው። ፊውዝ ኩርፊያውን ትቶ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየና አፍንጫውን ያዘ።

«ፕላስቲኩ ሲግል እኮ ልክ እንደ ዓሣ ነው የሚከረፋው። እንዴት አንድ ሰው አልሸተተውም?»

በያጁ ትራሱን ከግድግዳው አራቀው።

«እዚህ ማን ነው የሚተኛው?»

«እማማ።»

ፊውዝ የእማማን ዓሣ እንደ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆጣም። ሥራውንም አልለገመም። ከቆጣሪው በውጭው ግድግዳ በኩል አዲስ መስመር ዘረጋ፣ ብሬከር አስገባ፣ ግራውንዱን ቀበረ፣ ቬንትሌተሩን ጥግ ላይ ሰቀለ። ጭሱ ተስቦ ሲወጣ በዓይን ይታይ ነበር። መሣሪያዎቹን ሰብስቦ ሲወጣ «ለሰዎቹ አንተ ንገራቸው። የእኔ ሥራ ገመድ መቀጠል ነው» አለ።

በያጁ አልነገራቸውም። የጠቆረውን ግድግዳ ፋቀ፣ ቀለም ቀባው። አንዱ ማዕዘን ከሌላው አምሮ ታየ፤ ማንም ግን አልጠየቀም።

ዓሣው ጠፋ። ሚስቱ በደስታ ለወንድሟ ደወለች። «መድኃኒቱ ሠርቶላታል! ቢሆንም ብቻዋን መዋል የለባትም።» ጉዞው አልቀረም። አማቱ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ዝናብ ገና ከተራራው ማዶ ሳለ «ልብሱን አስገቡ» ይሉ የነበሩት ሴት አሁን ያጠቡትን ፎጣ የልጅ ልጃቸውን ያስሸትታሉ። «ይሄ ይሸታል? ወይስ እኔ ነኝ?» ይሏታል። አንድ ነገር ሊናገሩ ይጀምሩና መሃል ላይ ይተዉታል።

አንድ ቀን በያጁ ውሃ ሊጠጣ ወደ ወጥ ቤት ሲገባ ብርጭቆ ይዘው ቆመው አገኛቸው።

«ደህና መጣህ ልጄ። እስቲ ይቺን ወተት አሽትትልኝ። ለትንሿ ልጅህ ልሰጣት ብዬ ነበር፤ የኮመጠጠ መሰለኝ። የእኔ አፍንጫ ታምኖ እንግዲህ…»

ብርጭቆውን ተቀበለ። አስጠጋው። ምንም። ውሃም ቢሆን፣ ቤንዚንም ቢሆን ያው ነበር። መቅመስ ይችል ነበር፤ ምላሱን አላጣም። ቀምሶ መልስ ሰጥቶ እንደ ሁልጊዜው ሊወጣ ይችል ነበር። ከንፈሩ ላይ ሲያደርሰው ፊታቸውን አየ። ፈተና ወድቄ ይሆን ብላ መምህሯን የምታይ ልጅ ይመስሉ ነበር። ብርጭቆውን አወረደ።

«አይሸተኝም እማማ።»

«ደህና ነው ማለት ነው?»

«አይደለም። ምንም ነገር አይሸተኝም። ትንሿ ሳትወለድ ጀምሮ አይሸተኝም።» ከዚያ በኋላ አላቆመም፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ። ገመዱን፣ ሳጥኑን፣ የተቃጠለውን ግድግዳ፣ የቀባውን ቀለም፣ ሁሉንም አወጣው። «ዓሣ አልነበረም፣ የእኔ ገመድ ነበር። እርስዎ ልክ ነበሩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልክ ነበሩ።»

አማቱ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰዱ። እሳቸው አሸተቱት፤ ቀስ ብለው፣ ጊዜ ወስደው። ገንዳው ላይ ደፉትና ብርጭቆውን አለቀለቁ።

«ኮምጥጧል» አሉ።

ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ያንን ክኒን ስውጥ ታየኝ ነበር።»

«አይዎት ነበር።»

«ቤቱ ሊቃጠል ይችል ነበር? እኔም እዚያው ተኝቼ?»

«አዎ።»

«እሱስ ይሁን። ሞት ለሁሉም ነው፣ ደጋግሞም ገብቶብኛል። አንተ ግን ከገዛ ራሴ ጋር አጣላኸኝ። ሌሊት ነቅቼ የሟቹን ስም፣ የልጆቼን ስም እየጠራሁ አለሁ ወይስ የለሁም እያልኩ ራሴን እፈትን ነበር።»

እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ።

«ተነስ! ለእኔ ብቻ ነግረህ እግሬ ላይ ወድቀህ ልትገላገል ነው? አበደች የተባልኩት በየጆሮው ነው፤ አላበደችም የሚባለውም በየጆሮው ይሁን። ከልጄ ጀምር።»

ማታ በገበታ ላይ፣ ልጆቹ ባሉበት ተናገረ። ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ስንት ዓመት ‹ሽታው ከበር ጠራኝ› ስትለኝ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ከሁሉ ያናደዳት ግን ይህ አልነበረም። ተነሥታ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። በሩ ስላልተዘጋ ስታለቅስ ይሰማል። «ተይ አንቺ፣ ምን አደረግሽ? ባልሽን አመንሽ» ሲሉ አማቱ ተሰሙ። ከዚህስ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

አማቱ ቆይተው ወጡና ለወንዱ ልጃቸው ደውለው ስልኩን ከፊቱ አኖሩለት።

«ሄሎ!» አለ ወንዱ ልጃቸው። «መምጫዬን ልትጠይቀኝ ነው? እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው። ድሮም… ድሮም ደህና ነበሩ።»

«ምን?»

«ጮክ በል» አሉ አማቱ ከጎኑ። «ልጄ ጆሮው ትንሽ ከበድ ይላል።»

ጮክ አለ። ሁሉንም ነገረው። ልጃቸው «እናቴን አቅርብልኝ» አለ፤ ለእሱ ሌላ ቃል አልጨመረለትም።

ጠዋት የጓሮው ማሽን ዝም እንዳለ ነው፤ ሚስቱ ሐኪም ሳያየው እንዳይነካው ብላዋለች። አማቱ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«ጎረቤቷ ልብስ ልታሰጣ ወጥታለች» አሉ፣ ወደ እሱ ሳያዩ።

ግቢውን አቋረጠ። የግቢው ርዝመት ያን ቀን ነው የታወቀው። ጎረቤቷ መቆንጠጫ በአፏ እንደያዘች ቀና አለች።

«እንዴት አደርክ? እማማ እንዴት ናቸው? ምስኪን፤ ሳይሄዱ ላያቸው እያልኩ…»

የአጥሩን ቆርቆሮ ጫፍ ያዘ። ፊቱ ከኋላው ካለው ፀሐይ ይልቅ ሲግል ይሰማዋል።

«አይሄዱም» አለ። ከኋላው በረንዳው ላይ ወንበር ሲጎተት ሰማ፤ አማቱ ለመስማት እየተጠጉ ነው። ድምፁን ከፍ አደረገ።