ነጭ የተቀቡ ድንጋዮች

ሮቢንስዴል ባለው ቤተ ክርስቲያናችን «ኢንጂነር» ይሉኛል። ማይክ ሲበላሽ፣ ፕሮጀክተር አልበራ ሲል የሚጠሩት እኔን ነው። አገር ቤት ሃያ ዓመት የሠራሁት ግን ግድብና መስኖ ላይ ነበር። እዚህ ሰው አገር ሕመምተኞችን ሆስፒታል የሚያመላልስ ቫን ስለምነዳ፣ ስለ ውሃ አፌን ስከፍት ለእነሱ ሹፌር ነኝ።

ከግቢው ጀርባ የፓርኪንጉን የዝናብ ውሃ በዚያ ወደሚያልፈው ወንዝ የሚያወጣ ቱቦ አለ። የውሃውን ጉልበት የሚሰብር ነገር ስላልነበረ ከቱቦው አፍ ሥር ያለውን አፈር እየቦረቦረ፣ ዳርቻውን እየናደ፣ ወደ ልጆች መጫወቻው ተጠጋ። ልጄ እሁድ እሁድ የምትጫወተው እዚያ ነው። አምና በበጋው ሁለት የቤተ ክርስቲያን ወንድሞችን ለምኜ ትልልቅ ሸካራ ድንጋይ ከቱቦው አፍ ሥር ደረደርን። ወገቤ ሳምንት ሙሉ አልቀና አለኝ፤ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ የራሴን ሙያ ስለሠራሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ከሌላ ከተማ ሁሉ እንግዳ የሚመጣበት የቤተ ክርስቲያናችን ኮንፍራንስ ደረሰ። ለእሱ ግቢው በጸዳበት ቅዳሜ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እሁድ ስመጣ ድንጋዮቼ ነጭ ቀለም ተቀብተው፣ በመግቢያው ግራና ቀኝ፣ አበባውን ከበው ተደርድረዋል። ልክ እንደ አገር ቤት መሥሪያ ቤት ግቢ። አምሮም ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝ እሱ ነው።

«ወንድሜ፣ እዚያ ጀርባ ማን ያየዋል? እንግዳ እየመጣ እኮ ነው!» አሉኝ ጽዳቱን የመሩት ሽማግሌ።

«አፈሩ ይሄዳል፣ ጋሼ። ልጆቹ አሉ።»

«ሪላክስ አድርግ፣ ኢንጂነር። እንጸልይበታለን።»

እልህ ያዘኝ። ራሳቸው ያነሱትን ራሳቸው ይመልሱት ብዬ ተውኩት። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

በጸደይ በረዶው ቀለጠ። ከመኪና ወርደን ልጄ ወደ ዥዋዥዌው ስትሮጥ፣ የዥዋዥዌው አንድ እግር ሥሩ ባዶ ሆኖ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ አየሁ። ደርሼ ክንዷን ያዝኩ። አጥብቄ ስለያዝኳት አለቀሰች።

በሳምንቱ ኮንትራክተር ተጠራ። ፈረንጁ ጉድጓዱን አየና ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው ቀስ እያሉ አስረዱኝ፦ «ሰውየው የሚለው፣ የውሃውን ጉልበት የሚሰብር ትልልቅ ሸካራ ድንጋይ ያስፈልጋል ነው። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ።

«እንዲህ ያለ ድንጋይ ከየት ይገኛል ታዲያ?»

በጣቴ መግቢያውን አሳየኋቸው።

«እነሱንማ» አሉኝ ደንግጠው፣ «ቀለም ቀብተናቸዋል እኮ!»