ሳር ክዳኑ ላይ የተሰካው መርፌ

ልጄ እግሯን ጎረቤታችን ጭን ላይ ዘርግታ ሳያት መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። እሾህ ወግቷት ነበር፤ ጎረቤቴ ደግሞ እሾህ በማውጣት የታወቀች ናት። በእጇ የያዘችውን ሳይ ግን ዘልዬ እጇን ያዝኩት። የልብስ መርፌ አይደለም። ክረምት ላይ በየቤቱ እየዞረ መርፌ የሚወጋው ሰው ባሏንም እህቷንም ወግቶበት ትቶት የሄደው ነው። ከዚያ ወዲህ ሳር ክዳኑ ላይ ተሰክቶ ነበር። ጫፉ ላይ የልጄ ደም አለ።

«ምን ሆንክ እህቴ? ወላሂ እሳት አሳይቼዋለሁ» አለችኝ በርታዋ ጎረቤቴ፣ በአማርኛዋ ሴቱን ወንድ እያደረገች። «ቀጭን ነው፣ አያምም።»

ልጄን አዝዬ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ነርሷ ቁስሉን በሳሙና አጠበች፣ ደም ወሰደች፣ በደም የሚተላለፈው በሽታ እንዳይዛት ለአንድ ወር በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠች። በሦስተኛው ወር ደሟ እንደገና ካልታየ ማወቅ አይቻልም አለች። ቤትሽ እንዲህ ያለ መርፌ አለ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ጎረቤቴን ልከስ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። የኔም በራፌ ላይ ተሰክቷል። አምና የራሴን እሾህ ያወጣሁበት።

ባሌ ሲሰማ ሳቀ። «ይኸን ሁሉ ዘመን ስናወጣበት ማን ሞተ?»

«የሞተውን ማን መረመረውና!» አልኩት።

ሁለቱም አንጓው የተደፈነ ቀርከሃ ቆርጬ፣ ጎኑን ጣት በሚያሾልክ ልክ በስቼ፣ እነዚያን መርፌዎች ልሰበስብበት ቤት ለቤት ዞርኩ። መርፌ የሌለበት ቤት አላገኘሁም። አንዱ ለፍየሌ እፈልገዋለሁ ይላል፣ ሌላዋ ለልጇ ጆሮ መብሻ አስቀምጣዋለች። አንዲት አሮጊት እሾሁን በጥርሴ ላውጣ እንዴ ብለው ተቆጡኝ። የልብስ መርፌ ለየራሳችሁ ያዙ፣ አፍልታችሁ ተጠቀሙ ብዬ ብዬ ምላሴ ደረቀ። ከኋላዬ ባለቀርከሃዋ መጣች ይሉ ነበር። ይበሉ። ቀርከሃው ሲሞላ ለጤና ጣቢያው ሰጠሁት፤ እነሱ በጉድጓዳቸው ያቃጥሉታል።

ሦስት ወር እንቅልፍ የሚባል አላውቅም። ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር ግንባሯን እዳስሳለሁ፤ እሷም አሰለቸሽኝ ትላለች።

በቀጠሮው ቀን ነርሷ ወረቀቱን አይታ ንጹህ ናት አለች። ድገሚልኝ አልኳት፤ ደገመችልኝ። ልጄ ምንም የለባትም። ድነናል።