ለዘጠነኛው ሙዚቃ ድምፅ ፍለጋ ወደ ጉና

ከባሕር ዳር የተነሳነው ሐሙስ ማለዳ ነው። እኔና ጓደኛዬ ቢኒያም በኮምፒውተርና በኪቦርድ ሙዚቃ እንሠራለን። የመጀመሪያ አልበማችን ዘጠኝ ሥራዎች አሉት። ሁለታችንም ድምፅ ስላልታደልን በእያንዳንዱ ላይ ተጋባዥ ድምፃዊ አስገብተናል። ስምንቱ አልቀዋል። ለዘጠነኛው ግን ቢኒያም አልቃሽ ካልሆነች ብሎ ድርቅ አለ። ጉና ተራራ ሥር በየለቅሶው እየተጠሩ ሙሾ የሚያወርዱ እማማ ይመኙሻል የሚባሉ ሴት እንዳሉ ሰምቷል። እኔም ለሙዚቃው ብሎ ነው ብዬ ተከተልኩት።

ሐሙሲት

ገበያ ቀን ስለነበር ሚኒባሱ እስኪበቃው ጫነ። አጠገቤ የተቀመጡ ገበሬ ዶሮ እንዳቀፉ የማይኩን መቆሚያ አዩት።

«ይሄ ደግሞ የምን ዕቃ ነው?»

«ለድምፅ መቅረጫ ነው አባቴ። ጉና አንዲት አልቃሽ ልንቀርጽ ነው።»

«እግዜር ያጥናችሁ! ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተብንም።»

ትንሽ አዩኝና፣ ዶሯቸውን ይዘው ወደ ኋላ ወንበር ተዛወሩ። ሳቄ መጣ። ቢኒያም ግን አልሳቀም፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።

ከደብረ ታቦር ወደ ላይ

ደብረ ታቦር አድረን፣ ጠዋት ቅቅል ድንች በአዋዜ በልተን በአይሱዙ ጋሳይ ደረስን። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። የገብሱን ማሳ አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ጉሙ ወረደብንና እርስ በርስ እንኳ መተያየት አቃተን። የበግ ድምፅ ይሰማል፣ በጉ አይታይም። ቢኒያም ከፊታችን ለቆመ ሰው ጎንበስ ብሎ «ጤና ይስጥልኝ» አለ። ቀረብ ስንል ጅብራ የሚሉት፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል የደጋ ተክል ነው። ዙሪያውን ብዙ ጅብራዎች ተገትረዋል። በሌላ ቀን ቢሆን እስክንፈርስ እንስቅ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ፈራሁ።

እማማ ይመኙሻል

ባና ደርበው ደጃፋቸው ላይ ገብስ ሲያበጥሩ አገኘናቸው። የመጣንበትን ስንነግራቸው ሰፌዱን አስቀመጡ።

«ሙሾ ያለ ሟች አይወርድም ልጆቼ። ዝም ብሎ የሚያለቅስ ሞት ይጠራል። ስሙን ንገሩኝ፣ እናቱ ማን እንደሆነች ንገሩኝ፣ ያን ጊዜ አለቅሳለሁ።»

ስቱዲዮ ውስጥ የፈለግነውን አስዘፍነን በኋላ እንቆርጣለን፤ ስለዚህ የሆነ ስም ፈጥሬ ልሰጣቸው ስል ቢኒያም ቀደመኝ።

«ሄኖክ» አለ።

ክው አልኩ። ሄኖክ ታናሽ ወንድሙ ነው። በመተማ አድርጎ በሱዳን በኩል ከተሰደደ ወዲህ ሞተም ዳነም ያለ ሰው የለም። እናታቸው እትዬ አልማዝ ልቅሶ መቀመጥ ይቅርና «ነበር» የሚል ቃል በስሙ ላይ አያስነሱም። ቢኒያም ግን መጠበቁ እንደመረረው አሁን ገባኝ። ለካ የመጣው ወንድሙን ሊቀብር ነው!

«መርዶው መጥቷል?» አሉ እማማ።

«አዎ፣ መጥቷል» ብሎ ዋሸ።

ማይኩን አቆምን። እማማ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱና ደረታቸውን እየመቱ ጀመሩ፤

ሄኖክ ያገሬ ልጅ፣ መንገድህ ረዘመ፤
ደጃፉ ሳይዘጋ፣ ቤትህ ጨላለመ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ቢኒያም መሬት ላይ ተቀምጦ ይንሰቀሰቃል። እማማ እንደገና «ሄኖክ!» ብለው ተጣሩና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ፊታቸውን ወደ ጉሙ መልሰው ጆሯቸውን ጣሉ። እኔ የሰማሁት ነገር የለም።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አሉት በመጨረሻ። «የሞተ ሰው ሲጠሩት ዝም ይላል። ይሄ ልጅ አቤት አለኝ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤት ገቡ። ብንለምናቸውም አልወጡም።

መልስ ጉዞ

ደብረ ታቦር ያረፍንበት ፔንሲዮን ገብተን ቅጂውን ከፈትነው። ከጥሪው በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለው የድምፅ መስመር ዝርግ ነው፤ ምንም አልተቀረጸም። ቢኒያም ሙሾውን ቆርጦ ጣለው፤ ዝምታውን ብቻ አስቀረ። እሱን እያጎላ፣ እያጠራ፣ እየደጋገመ እስከ ባሕር ዳር ደረሰ። እንደ ሐሙሱ ገበሬ ወንበር መቀየር አማረኝ።

እነ ቢኒያም ቤት ስንገባ እትዬ አልማዝ ምሳ አቀረቡ። ስለ አልቃሽዋ አልነገርናቸውም፤ ዘፋኝ ቀርጸን መጣን ነው ያልነው። ቢኒያም ግን ሄድፎኑን ከጆሮው አላወርድ አለ።

«እህል እንኳ የሚያስረሳ ምን ዓይነት ዘፈን ነው? እስቲ እኔም ልስማው» ብለው ነጠቁትና ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

ትንሽ ፈገግ ብለው አዳመጡ። ድንገት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸው፣ «ወዬ! ወዬ ሄኖኬ!» አሉ።

ቢኒያም እጁ ወጡ ውስጥ ቀረ። እኔ ኮምፒውተሩን አየሁት፤ መስመሩ እንደተዘረጋ ነው።

ዕድሜ ልኬን ድምፅ ማለት ስክሪን ላይ የሚታየው ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ ብዬ አልምልም። በዘጠነኛው ሙዚቃ ላይ ሌላ ሰው ማስገባት አልሆነልንም፤ ያችኑ ዝምታ መሐሉ ላይ አስገብተን ዘጋነው። የአልበሙ ሽፋን ላይ ግን ተጋባዥ ድምፃዊ በሚለው ቦታ ስም መጻፍ ነበረብን። እትዬ አልማዝን ጠየቅናቸው። እሳቸው እንዳሉን «ሄኖክ» ብለን ጻፍን።